ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ፦ በጥርጣሬ የጀመረ የእውነት ፍለጋ

ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ በግዕዝ የተጻፈ የፍልስፍና ድርሰት ነው። ጸሐፊው ከወላጆቹ፣ ከመምህራኑና ከመጻሕፍት የተቀበለውን ሁሉ በራሱ ልቡና ይመረምራል። ምርመራውን ያለፈውን ይይዛል፣ ያላለፈውን ይተዋል። ድርሰቱ ራሱ እንደሚናገረው የተጻፈው በ1667 እ.ኤ.አ. ጎንደር አቅራቢያ በምትገኘው በእንፍራዝ ነው። ጸሐፊውን ከ1434 እስከ 1468 ከነገሡት ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ስለሚያምታታቸው ከወዲሁ መለየቱ ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና ስደት

ስለ ሕይወቱ ያለን ዋና ምንጭ እሱ ራሱ የጻፈው ነው። የተወለደው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1592 ዓ.ም. በአክሱም አካባቢ፣ ከድሃ ገበሬ ቤት ነው። የክርስትና ስሙ ዘርዓ ያዕቆብ ሲሆን ሰው የሚጠራው ግን ወርቄ እያለ ነበር። ዳዊት ደገመ። ዜማ ቤት ገብቶ ድምፁ እሺ ስላላለው ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ከዚያ 4 ዓመት ቅኔ፣ 10 ዓመት ደግሞ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። ይህ የአገራችን የአብነት ትምህርት መንገድ ነው። ትርጓሜ ሲማር የፈረንጆቹንም (የካቶሊኮቹን) የአገሩን ሊቃውንትም አተረጓጎም ሰምቷል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልቡናው አልተቀበላቸውም፤ ግን ዝም አለ።

ወደ አክሱም ተመልሶ 4 ዓመት አስተማረ። ጊዜው ክፉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው ነበር፣ አገሩም በሃይማኖት ተከፍሏል። ዘርዓ ያዕቆብ ሲያስተምር ፈረንጆች ይህን ይላሉ፣ ግብጻውያን (የአገሩ ኦርቶዶክሶች የሚከተሏቸው) ደግሞ ይህን ይላሉ ብሎ ያልፋል እንጂ የአንዱን ወገን አይዝም። በዚህ የተነሳ ሁለቱም ጠሉት። ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ካህን ሕዝብ ያሳምፃል ብሎ ንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። እሱም ሦስት ወቄት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ በሌሊት አመለጠ።

ዋሻው

ጥልቅ ሸለቆ ግርጌ ዋሻ አገኘና ሱስንዮስ እስኪሞቱ ድረስ፣ ወደ 2 ዓመት ያህል፣ እዚያ ተቀመጠ። የሐተታው ልብ ይህ ክፍል ነው።

መጀመሪያ የሚጠራጠረው በጸሎቱ ነው። ቀን ከሌት ዳዊት ሲደግም ቆይቶ፣ ይህን ጸሎቴን የሚሰማኝ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን አይሸሸውም። ከዳዊቱ አንድ ቃል ትዝ ይለዋል፦ «ጆሮን የተከለው አይሰማምን?» ቃሉን ግን ስለተጻፈ ብቻ አይቀበለውም፤ እንደ ክርክር መነሻ ይወስደዋል። እኔን ማን ፈጠረኝ? ወላጆቼ ካልኩ እነሱንስ? እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። በመጨረሻ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ግድ መኖር አለበት ይላል። እኛ ማሰብና ማወቅ ከቻልን፣ የፈጠረን ደግሞ ከእኛ የበለጠ ያውቃል። ስለዚህ ይሰማል። የመጀመሪያው እርግጠኛ ነጥቡ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥርጣሬ ግን ይከብዳል። ሰዎች እግዚአብሔር ተናገረ የሚሉት ሁሉ እውነት ነው? ሊቃውንትን ልጠይቅ ቢል፣ እያንዳንዱ የሚመልስለት በልቡ ያለውን ነው። ፈረንጁ የእኔ ትክክል ይላል፣ ግብጻዊውም እንዲሁ፣ እስላሙም አይሁዱም እንዲሁ። ታዲያ ማን ይፍረድ? ሁሉም ከሳሽም ተከሳሽም ሆኖ ዳኛ ከየት ይመጣል? የአገራችን ሰው ፍርድ ቤት የሚያውቀውን ነገር ወደ ዕውቀት ጥያቄ ማምጣቱ ድንቅ ነው።

መልሱን ልቡና ውስጥ ያገኘዋል። ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የልቡና ብርሃን ሰጥቷል፣ በእሱ የሚፈልግ ያገኛል። ሰው የሚሳሳተው እውነት ስለተደበቀች ሳይሆን መፈለግ ስለሚሰለቸው ነው። ከአባቶቹ የሰማውን ሳይመረምር ይይዛል። ሥልጣንና ገንዘብ የሚፈልግም በዚህ ድካሙ ይጠቀምበታል።

ከዚህ በኋላ መመዘኛውን ይዞ ሁሉንም ይፈትሻል። ከተፈጥሮ ሥርዓት ጋር የሚጣላ ሕግ ከፈጣሪ ሊሆን አይችልም ይላል። በዚህ ሚዛን ምንኩስና ከጋብቻ ይበልጣል የሚለውን አይቀበልም። የኦሪትን ሕግ፣ የወር አበባ ያላትን ሴት ርኩስ የሚለውን፣ ይተቻል። የእስልምናን ብዙ ሚስት ማግባት፣ ወንድና ሴት በቁጥር እኩል ይወለዳሉ በሚል ይሞግታል። ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥ መግዛትንም አጥብቆ ይቃወማል፤ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነውና። የጾም ሕግም ከትችቱ አላመለጠም።

ብዙዎች ከፈረንሳዊው ከዴካርት ጋር ያነጻጽሩታል። ሁለቱ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ የዴካርት ታዋቂ ድርሰት የታተመው በ1637 ነው። ግን ጥርጣሬያቸው አንድ አይደለም። ዴካርት የሚያየውንና የሚዳስሰውን ሳይቀር ይጠራጠራል። ዘርዓ ያዕቆብ ዓለም መኖሯን አልተጠራጠረም፤ የተጠራጠረው የሰውን ምስክርነት ነው። የሃይማኖት ጦርነት መካከል ለኖረ ሰው አንገብጋቢው ጥያቄ ይህ ነበር።

እንፍራዝ

ፋሲል ከነገሡ በኋላ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ገባ። ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ አስጠጋው። መጽሐፍ እየገለበጠና የሀብቱን ልጆች እያስተማረ ኖረ። የቤቱን አገልጋይ ሂሩትን አገባ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎም ጽፏል። ሐተታውን የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለለመነው ነው። ወልደ ሕይወት በኋላ የራሱን ሐተታ ጽፏል፤ መምህሩ በ93 ዓመቱ እንዳረፈም የመዘገበው እሱ ነው።

ከዚያ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ መጽሐፉ የሚናገር ምንጭ የለም።

የደራሲው ክርክር

በ1852 ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን (የካቶሊክ ገዳማዊ ማኅበር) መነኩሴ ለአንቷን ዳባዲ ደብዳቤ ጻፈ። ዳባዲ የግዕዝ መጻሕፍትን የሚሰበስብ ተመራማሪ ነበር። ጁስቶ ሐተታውን እንዳገኘ ነገረው፤ በዓመቱም በራሱ እጅ የገለበጠውን ላከለት። ሁለተኛ ቅጂም ተከተለ። ሁለቱም ዛሬ ፓሪስ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በዳባዲ ስብስብ በቁጥር 215 እና 234 ይገኛሉ። ጁስቶ በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ።

ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን ጽሑፉን በ1904 ከላቲን ትርጉም ጋር ሲያሳትም ሐተታው የ17ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን የተጠራጠረ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1920 ግን ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ጁስቶ ራሱ ነው አለ። ከማስረጃዎቹ አንዱ የአንድ ኢትዮጵያዊ ካቶሊካዊ ካህን፣ የአባ ተክለ ሃይማኖት፣ ምስክርነት ነበር። ጁስቶ ከመመንኮሱ በፊት የነበረው የዓለም ስም ያዕቆብን የሚይዝ መሆኑም ጥርጣሬውን አጠናከረ። በ1934 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮህ ይህንኑ ደገፈ፣ ለረጅም ጊዜም የአውሮፓ ሊቃውንት አቋም ይኸው ሆነ።

መልሱ ከአዲስ አበባ መጣ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ጀዝዊት ማኅበር አባል) ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ፍልስፍና አስተምረዋል። በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥራዞች የጥቅሶቹን አወሳሰድ፣ የሁለቱን ሐተታዎች አጻጻፍና የጁስቶን ደብዳቤዎች አነጻጽረው ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው አሉ። ዓለም ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና መናገር የጀመረው በአብዛኛው በእሳቸው ድካም ነው። ዓለማየሁ ሞገስም ከአገር ቤት ሊቃውንት መካከል ለሐተታው ተሟግተዋል።

ክርክሩ ግን አልተዘጋም። በ2013 ፈረንሳዊቷ አናይስ ቪዮን የኮንቲ ሮሲኒን አቋም በሰፊው አድሳ አቀረበች። በአሜሪካ ሚኒሶታ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ፊልም ሲያጠኑ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ቀድሞ ይጠራጠሩ ነበር፤ በኋላ መነሻው ኢትዮጵያዊ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። የእሳቸው ቃል ክብደት አለው፤ በግዕዝ ዕውቀት የሚስተካከላቸው ጥቂት ነበር። በ2023 የሁለቱም ሐተታዎች አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ወጥቷል፣ ከትርጉሙ አዘጋጆች አንዱ መሐሪ ወርቁ ነው።

የጁስቶ እጅ ያልነካው ቅጂ እስካሁን አልተገኘም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተቀርጸዋል፤ ይሁንና ገና ያልተቀረጹ የአብያተ ክርስቲያናትና የግለሰብ መጻሕፍት ብዙ ናቸው።