«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ»፦ ለምን በርበሬ ሆነ?

ይህን አባባል ያልሰማ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ፈተናው ነገ ሆኖ ዛሬ ማታ ደብተር የሚገልጥ ተማሪ ይባልበታል። ክረምቱ ገብቶ ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር ቆርቆሮ ፍለጋ የሚሮጥ አባወራ ይባልበታል። ግብር መክፈያው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ደረሰኝ ከየመሳቢያው የሚለቃቅም ነጋዴም አይቀርለትም። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ እኮ!» ይባላል፣ ይሳቃል፣ ያልፋል።

እኔ ግን አባባሉ ከወቀሳ በላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማየት መጀመሪያ በርበሬውን ማወቅ ይፈልጋል። አሁን አሁን ብዙ ቤት የተፈጨ በርበሬ በኪሎ ይገዛል። በርበሬ ቀንጥሶ የማያውቅ ሰው የአባባሉን ትርጉም ያውቀዋል እንጂ ጉዳዩ አያቃጥለውም።

ሠርገኛ ማለት ሙሽራውን አጅቦ የሚመጣው ሕዝብ ነው፤ ሚዜው፣ ዘመዱ፣ አጃቢው ሁሉ። (ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ጤፍም ሠርገኛ ይባላል፤ እዚህ ላይ የተጠራው ግን ሰውየው ነው።) መቀንጠስ ደግሞ የደረቀውን ዛላ አንድ በአንድ እያነሱ አናቱ ላይ ያለችውን እንጨት መንቀል፣ ዛላውን ከፈት አድርጎ የተበላሸውን መለየት፣ ፍሬውንም ማራገፍ ነው።

ታዲያ ወጥ ቤት ውስጥ ስንት ሥራ እያለ ለምን በርበሬ ተመረጠ? «ሠርገኛ መጣ ሽንኩርት ክተፉ» ለምን አልተባለም?

ሽንኩርት በሰዓት ይደርሳላ! ሰው ከበዛ እንዲያውም በግማሽ ሰዓት። በርበሬ ግን እንዲህ ነው። ዛላው ይገዛል። የማረቆ ነው፣ የሀላባ ነው እየተባለ ይመረጣል፤ ቀለሙ ይታያል፣ ይሸተታል፣ ጨበጥ ሲያደርጉት ካልተንኮሻኮሸ እርጥበት አለበት ማለት ነው። ይቀነጠሳል። ይታጠባል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ በሙቀጫ ይሸከሸካል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ቀይ ሽንኩርቱ፣ በሶብላውና ጤና አዳሙ ተወቅጦ ይገባበትና ይደለዛል። እንዲዋሃድ ታፍኖ ያድራል፣ ይሰነብታል። እንደገና ይሰጣል። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ጨው እየታመሰ ይጨመራል። ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ተመልሶ ይነፋል። ቅደም ተከተሉ እንደየቤቱ ይለያያል፤ ፀሐይ የማይጠብቅ ቤት ግን የለም። ሰማዩ ካልተባበረ ሳምንቱ ሁለት ሳምንት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው እንግዲህ ወጡ የሚጀመረው።

የአባባሉ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ሠርገኛው ደጃፍ ቆሟል፤ የሚፈለገው የመጨረሻው ነገር፣ ማለትም ትሪው ላይ የሚወጣው ወጥ ነው። ቤቱ ግን ገና የሥራው መጀመሪያ ላይ ነው። በ«መጣ» እና በ«ቀንጥሱ» መካከል መሆን የነበረበት የሁለት ሳምንት ሥራ የለም። አራት ቃል ብቻ ተናግሮ ያን ያህል ባዶ ጊዜ የሚያሳይ ሌላ አባባል እኔ አላውቅም።

ወቅቱንም እንየው። በእኛ አገር የሠርግ ወር ጥር ነው። ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያለው ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም አለ፤ በጾም ሠርግ አይደገስም። በርበሬው ደግሞ ገበያ ሞልቶ የሚወጣው፣ የበጋው ፀሐይም የሚበረታው በዚሁ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሴቶቹ የጾሙን ሳምንታት በከንቱ አያሳልፉም ነበር። ጾሙ ሲፈታ የበርበሬው ሥራም ያልቃል። በጥር ሠርገኛ መጥቶ በርበሬ ያልቀነጠሰ ቤት እንግዲህ ያለፈው አንድ ቀን አይደለም፤ ወቅቱ በሙሉ ነው ያለፈው።

ስለ ዕድሜው አንድ ነገር ልጨምር። ቀዩ በርበሬ አገሩ አሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካም በእስያም በአውሮፓም አልነበረም። ስለዚህ ይህ አባባል በዛላ በርበሬ ከተነገረ ዕድሜው ከዚያ ወዲህ ነው። ያለ በርበሬ ማሰብ የማንችለው ወጣችን ራሱ በአያቶቻችን እጅ እንዲህ የተለወጠ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። ከዚህ አባባል ጎን ብዙ ጊዜ የሚጠራ ሌላ አባባል አለ፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»። ሰው እንደ አንድ ይጠቀምባቸዋል። እኔ አንድ አይደሉም እላለሁ። ጅቡ ሄዷል፤ የውሻው ጩኸት ምንም አያመጣም። ሠርገኛው ግን ገና መጣ እንጂ አልሄደም። ቤቱ ተዋርዷል፣ ተጨንቋል፤ ነገር ግን ሥራ ይጠብቀዋል። ደግሞ «ቀንጥስ» ወይም «ቀንጥሺ» አልተባለም። «ቀንጥሱ» ነው የተባለው። ብዙ እጅ ነው የተጠራው። የዘገየ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ማፈሩ ነው። ስለሚያፍር ሰው አይጠራም፤ ብቻውን ተደብቆ ሲታገል ይመሻል። አባባሉ ውስጥ ያለው ቤት ግን ጮክ ብሎ ተጣርቷል።

የእናቴን ነገር ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ ያገባችበት ዓመት ነው። ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆረጠ። እናቴ በኅዳር አሥራ አምስት ኪሎ ዛላ ገዛች። እኔና እህቶቼ ለሁለት ቀን ቀነጠስን። የቀነጠሰ ያውቃል፤ ጣት ይፋጃል፣ ያስነጥሳል፣ ረስቶ ዓይን የነካ አለቀለት። በውሃ ብትታጠቡት አይለቅም። የሚያቃጥለው ነገር ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ዘይት ነው የሚያነሳው። እናቴ ይህን ከማንም ሳትማር ታውቀዋለች። መጀመሪያ ዘይት እጃችን ላይ ጠብ ታደርግና ካሻሸን በኋላ ነው ሳሙና የምትሰጠን።

በርበሬው ታጥቦ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተሰጣ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ለቅሶ ሄደች። «ሰማዩን እያያችሁ» ብላን ነበር። እኛ ቤት ውስጥ ወሬ ይዘን ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ በበጋ ያልታሰበ ዝናብ ዱብ አለ። እየተጋፋን ወጥተን ሰሌኑን ጠቅልለን አስገባነው። ከዚያ ሁለት ቀን ደመና ሆነ። ጥቅሉ ሲፈታ ሽታው ነገረን፤ ሻግቷል።

እናቴ አልጮኸችም። ነጠላዋን አጣፍታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቡና ተፈላ፣ ጠጣች፣ አሁንም ዝም አለች። ከዚያ «ሰፌድ አምጡ» አለች። አንድ ዛላ አነሳች፣ ከፈተችው፣ ውስጡን አየች፣ ወደ ግራ ጣለች። ሌላ አነሳች፣ ከፈተች፣ ወደ ቀኝ አደረገች። እኛም ተጠግተን ጀመርን። ግማሽ ያህሉ ተጣለ። (የሻገተ በርበሬ «ታጥቦ ይሆናል» አይባልም። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊፈጥር ይችላል፤ መርዙ ደግሞ ተፈጭቶም በስሎም አይጠፋም።) በማግስቱ በጠዋት ገበያ ወጥታ የጎደለውን ገዛች። ጎረቤቶች የየራሳቸውን ሰፌድ ይዘው መጡ። በርበሬው ወፍጮ ቤት የገባው ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው።

ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ የታየኝ የእናቴ ጥንካሬ ብቻ ነበር። ዛሬ ሳስበው ሌላም ነገር አያለሁ። እናቴ ተስፋ ያልቆረጠችው ልቧ ከብረት ስለተሠራ አይደለም። በኅዳር ስለጀመረች ነው። ለዝናቡ የሚሆን ቀን በእጇ ነበራት። ያው ዝናብ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ቢዘንብ ኖሮ የዓለም መጨረሻ ይሆንብን ነበር። «ምነው በጎ አስብ እንጂ» እያልን ሰው እንመክራለን። በጎ ማሰብ ግን ቀን ይፈልጋል። ጊዜውን የጨረሰ ሰው ትንሽ እንቅፋት ሁሉ ይጥለዋል፤ ክፉ ሰው ወይም ደካማ ሰው ሆኖ አይደለም።

በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ የማሟያ ጽሑፌን የመጀመሪያ ረቂቅ ስሰጥ ከገጽ ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ተመለሰልኝ። ሁለት ምዕራፍ እንደገና ይጻፍ ተባለ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። «የፊታችን ሰኞ እጀምራለሁ» አልኩ። ሰባት ወር ሰኞ መጣ፣ ሰኞ ሄደ። ሰነፍ ስለነበርኩ አይደለም፤ ቤቴ የዚያን ጊዜ ያህል ጸድቶ አያውቅም። ያንን ቀይ ቀለም እንደገና ማየት ስለፈራሁ ነው። ነገ የምንለው ሥራ ብዙ ጊዜ አንዴ የወደቅንበት ሥራ ነው። ሻጋታው እንዳይሸተን ጥቅሉን አንፈታውም፤ እሱ ደግሞ በታፈነ ቁጥር ይብስበታል።

ማስረከቢያው ስድስት ሳምንት ሲቀረው ለእናቴ በስልክ አለቀስኩላት።

«ስንት ገጽ ነው?» አለችኝ።

«ዘጠና።»

«ዛሬ ማታ ስንቱን ታዪዋለሽ?»

«እንጃ፣ እማዬ።»

«ሁለቱን እዪ። ከዚያ ተኚ።»

ሁለት ገጽ አየሁ። የፊደል ግድፈት ብቻ ነው ያረምኩት፤ አንድም ሐሳብ አላሻሻልኩም። ግን መሳቢያው ተከፍቷል። በሳምንቱ ከአንድ ክፍል ጓደኛዬ ጋር ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ ጀመርን፤ እሷም የራሷን በርበሬ ሳትቀነጥስ ነው የመጣችው። ጽሑፉ በሰዓቱ ገባ። አንደኛው ምዕራፍ እንደምፈልገው አልሆነም፤ ለእሱ የሚሆን ቀን አልቀረኝም ነበር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉኝ አሉ፤ ምን ያስቸኩላል ለማለት። ይህን አባባል ለመዘግየት ማመካኛ ማድረግ ግን በዶሮዋ ላይ ግፍ ነው። ዶሮዋ ከተቀመጠች ሃያ አንድ ቀን ነው። ለመብላትና ለመጠጣት ለጥቂት ጊዜ ትነሳለች እንጂ ቀኑን ሙሉ እንቁላሏ ላይ ነች። ከሥሯ አንዱ ቢገማ ሌሎቹን ጥላ አትነሳም። ቀስ ማለትና መተው ለየቅል ናቸው።

አባባሉን ለሰው ስትሉ ድምፃችሁን ልብ በሉልኝ። ሳቅ ብቻ ከሆነ ሰውየው ወደ መሳቢያው ይመለሳል። «ቀንጥሱ» ካላችሁ ግን ሰፌዱን ጠጋ አድርጋችሁ አብራችሁት ተቀመጡ።

እናቴ ዘንድሮም በኅዳር ዛላ ገዝታለች። ሠርግ የለንም፤ ውጭ አገር ላሉት እህቶቼ መንገደኛ ሲገኝ የምትልከው ነው። ትናንት ደውላ «ቅዳሜ በጠዋት ነይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንቀነጥሳለን» ብላኛለች። ሽርጤን አጥቤ አስጥቻለሁ።