በወሎ እንቁራሪትና ጉርጥን ማዳንና ለጊዜው ማቆየት

ሰላማንደር የሚባለው ጅራታሙ የእንቁራሪት ዘመድ በኛ አገር የለም። ከሰሃራ በታች አፍሪካ ውስጥ የትም የለም፣ በአህጉሩ ያለው ሰሜን ጫፍ ላይ ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ወሎ ውስጥ ድንጋይ ስታነሱ አራት እግርና ጅራት ያለው ነገር ካገኛችሁ እሱ እንሽላሊት ነው። ይሄን መለየት ለማዳን ስራ ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም እንሽላሊት ቆዳው ቅርፊት አለው፣ ፀሐይና ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፤ ሰላማንደርም እንቁራሪትም ግን ቆዳቸው ስስና እርጥብ ነው፣ በቆዳቸውም ይተነፍሳሉ፣ እንቁራሪት ደግሞ ውሃ የሚገባው በአፉ ሳይሆን ከሆዱ ስር ባለው ቆዳ ነው። አንዱን የሚያድነው ነገር ሌላውን ይገድላል።

ወሎ ውስጥ እንግዲህ ነገሩ የሚመለከተው እንቁራሪትንና ጉርጥን ነው። ከደሴ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን የሚያቋርጠው ቦርከና፣ ከዛ በታች ከሚሴ አካባቢ ያለው የጨፋ ረግረግ፣ የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች ዳርቻ፣ ደጋው ላይ ደግሞ ምንጭ ያለበት መስክ ሁሉ ቤታቸው ነው። አካባቢው በልግም ክረምትም ስለሚያገኝ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሌሊቱን ሙሉ ሲጮሁ ትሰማላችሁ፣ ችግር ውስጥ የሚገቡትም በብዛት ያኔ ነው፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ውሃ ሲሄዱ መንገድ ላይ መኪና ይጨፈልቃቸዋል። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት አምኸርስት የሚባል ከተማ ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. ሰላማንደሮች በደህና እንዲሻገሩ አስፋልት ስር ቱቦ ተቀብሮላቸዋል፣ በፀደይ ዝናባማ ሌሊት ደግሞ ሰዎች ባትሪ ይዘው በእጃቸው የሚያሻግሩባቸው ከተሞች አሉ። ለኛም የሚሆነው ዋናው ነገር ቀላል ነው፦ ጉርጡ ፊቱን ባዞረበት አቅጣጫ አሻግሩት፣ ወደመጣበት ከመለሳችሁት ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ለናንተም መኪናውን አይታችሁ ነው እሺ።

ግን በኔ እይታ ከመንገዱ የባሰው የቤተሰብ ኩሬ ነው። በሴፍቲኔትና በውሃ ማሰባሰብ ስራ ጊዜ የተቆፈሩት፣ ጂኦሜምብሬን የሚባለው ውሃ እንዳይሰርግ የሚያደርግ ፕላስቲክ የተነጠፈባቸው ኩሬዎች ገደላቸው ቀጥ ያለና የሚያንሸራትት ነው፣ እንቁራሪት ውሃ አይታ ትገባለች መውጣት ግን አትችልም፣ ቀኑን ሙሉ ስትዋኝ ደክማ ትሰምጣለች። ጉርጥማ ከናካቴው ጎበዝ ዋናተኛ አይደለም። መፍትሄው ገንዘብ አያስወጣም፣ አንድ አሮጌ ጆንያ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ዳር ላይ በድንጋይ ጫን አድርጉና ሌላውን ውሃው ውስጥ ልቀቁት፣ ክሩ ሸካራ ስለሆነ እግሯ ይይዝላታል። ጠዋት ሄዳችሁ ስታዩት ጆንያው ላይ ጭቃ የነካ ትናንሽ የእግር ምልክት ታገኛላችሁ። ለጉድጓድም እንዲሁ፣ ገመድ ወይ ሻካራ እንጨት እስከ ውሃው ድረስ ይውረድለት። ኩሬ ያለው ሰው ሁሉ ይሄን ቢያደርግ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ባላስፈለገ ነበር።

ማቆየት የሚያስፈልገው የደረቀ፣ የቆሰለ ወይ ፀረ ተባይ መድሃኒት የነካው ሲሆን ብቻ ነው። ደህና ከሆነ እዛው ጥላ ያለው እርጥብ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል። በበሬ ሲታረስ ማረሻ ከአፈር ያወጣው ጉርጥም በጋውን ተኝቶ የሚያሳልፍ ነው፣ አልታመመም፣ ማሳው ዳር ለስላሳ አፈር ፈልጋችሁ ጥላ ላይ ብታስቀምጡት ራሱን ይቀብራል።

ስትይዙት እጃችሁን በንፁህ ውሃ አርጥቡ፣ እጃችሁ ላይ ያለ ሳሙና፣ ቅባትና የወባ ትንኝ መከላከያ ክሬም ቆዳው ውስጥ ይገባበታል። ጉርጥ ስትነኩት ሆዱን ይነፋል፣ እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰነጠቀች የሚለውን ተረት ያስታውሳል ግን ይሄ በሽታ አይደለም፣ የሚበላው እንዳይውጠው የሚያደርገው ነው። ሽንት ከለቀቀ ግን ልብ በሉ፣ ሽንቱ ለደረቅ ጊዜ ያጠራቀመው ውሃ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ መተካት አለበት። ከአይኑ ኋላ ያሉት እብጠቶች መርዝ አላቸው፣ ቁስል ባለበት እጅ አትንኩ፣ አይናችሁን አታሹ፣ ስትጨርሱ በደንብ ታጠቡ፣ ውሻ አፉን እንዳያስገባበትም ጠብቁ።

ማስቀመጫው ሳፋ ወይ ባልዲ ይሁን፣ በኦሞ ታጥቦ ከሆነ ግን ደጋግማችሁ በውሃ ብቻ አለቅልቁት። ታች እርጥብ ጨርቅ ወይ ቅጠላቅጠል፣ አንድ ጥግ ላይ ሆዱን ብቻ የሚነካ ውሃ፣ ላዩ ላይ የተበሳሳ ክዳን። ፌስታል ውስጥ አፍኖ መያዝ አይሆንም፣ ሃይላንድ ጠርሙስም አየር ስለሌለው ለጉዞ እንኳን አይመችም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አንድ ቀን ተከፍቶ ይቀመጥ፣ የምንጭ ወይ የዝናብ ውሃ ካለ እሱ ይሻላል። ደሴ ብርዱ ስለሚከብድ ምድጃ ዳር እናስጠጋው ትሉ ይሆናል፣ አታድርጉት፣ ሙቀት ያደርቀዋል፣ ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ጥግ በቂው ነው። እንጀራ፣ ሩዝ፣ ወተት አይበላም፣ የሚበላው የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ነው፣ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ለቀናት ሳይበላ ስለሚቆይ አብሽሩ፣ ለሁለት ሶስት ቀን ብሎ ምግብ ማሳደድ አያስፈልግም።

ቆቦ ሜዳ ላይም ሆነ ሌላ መስኖ ባለበት ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ የሚንቀጠቀጥ ወይ እግሩን ዘርግቶ የቀረ እንቁራሪት ልታገኙ ትችላላችሁ። በ2013 መጀመሪያ ወሎን አንበጣ ሲወረው የተረጨውን የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው። እንደዚህ አይነቱን በጓንት ያዙት፣ ንፁህ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩለት፣ ከዛ በላይ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር የለም። መዳኑን ለማወቅ በጀርባው ቀስ ብላችሁ ገልብጡት፣ ወዲያው ከተገለበጠ ደህና ነው፣ ሊለቀቅ ይችላል።

ከተለያየ ቦታ የመጡትን አንድ ላይ አታስቀምጡ። ኪትሪድ የሚባል ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ አለ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ስም ተሰጥቶት ዓለም ላይ ብዙ ዝርያ አጥፍቷል፣ በኢትዮጵያ ደጋ ደኖችም ተገኝቷል፣ በተለይ ሰላማንደርን የሚያጠቃው ዘመዱ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ ታውቋል። ከቦርከና ያነሳችሁትን አርዲቦ ወስዶ መልቀቅ በዚህ ምክንያት ክልክል መሆን አለበት፣ ውሃውንም ቢሆን ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት፣ ባልዲውንም ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት።

ከሕግ አንፃር የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ የተገደበ ስለሆነ ማቆየቱ የማሳደጊያ ሰበብ አይሆንም፣ ከቀናት በላይ የሚወስድ ከሆነ የወረዳውን የዱር እንስሳት ባለሙያ ወይ የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። የምትለቁት እዛው ካነሳችሁበት ቦታ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከተቻለ ዝናብ በጣለበት ምሽት፣ ሳር ወይ ድንጋይ ባለበት ዳር ነው፤ ኩሬው ያው ጂኦሜምብሬን ያለበት ከሆነ ጆንያው መኖሩን አይታችሁ።