ያልተከፈተ የካርድ ፓኬት ምንድን ነው? ዋጋውስ ለምን እንዲህ ይወጣል፣ ይወርዳል?

በአሜሪካ የስፖርት ካርድ ጨረታዎች ላይ ሁሌም የሚገርመኝ አንድ ዕቃ አለ። ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም፣ ገዢውም አያውቅም። ከፍተው ቢያዩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ከከፈሉት ያነሰ ነው። እንደዚያም ሆኖ በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይወጣበታል። ዕቃው የዛሬ 40 እና 50 ዓመት ታሽጎ እስካሁን ማንም ያልከፈተው የካርድ ፓኬት ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቶፕስ የሚባለው የኒውዮርክ ብሩክሊን ኩባንያ ዋና ሥራው ማስቲካ መሸጥ ነበር። የቤዝቦል ካርዱ ማስቲካውን እንዲያሻሽጥ አብሮ የገባ ማባበያ ነው። በ1952 ያወጣው ባለ 407 ካርድ ስብስብ ዛሬ የምናውቀውን የካርድ መልክ አስያዘ። ከፊት የተጫዋቹ ምስል፣ ከጀርባ ማንነቱና የጨዋታ ቁጥሮቹ። ልጆች ከሰፈር ሱቅ በ5 ሳንቲም ይገዙና እዚያው በር ላይ ይከፍቱታል። ማስቲካው ይታኘካል፣ ወረቀቱ ይጣላል፣ ካርዶቹ በላስቲክ ታስረው ኪስ ይገባሉ። ፓኬቱን ሳይከፍት አስቀምጦ የሚያድር ልጅ ከየት ይመጣል?

ለዚህ ነው የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ያልተከፈተ ፓኬት ብርቅ የሆነው። የተረፈው በአጋጣሚ የተረፈ ነው። ሳይሸጥ ሱቅ ጓዳ የቀረ፣ አከፋፋይ መጋዘን ውስጥ የተረሳ፣ ቤት ሲጸዳ ከምድር ቤት የወጣ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ነገሩ ተቀየረ። የድሮ ካርድ ገንዘብ እንደሚያወጣ የገባቸው ሰዎች ሙሉ ካርቶን እየገዙ ማስቀመጥ ጀመሩ። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ኋላ ስለ ዋጋ ስናወራ ይመጣል።

ፓኬቱ በሰም በተለበጠ ወረቀት የተጠቀለለ ስለነበር በገበያው ውስጥ ያሉ ሰዎች በአጭሩ “ዋክስ” ይሉታል። ውስጡ በሚያሳይ ፕላስቲክ የታሸገው “ሴሎ” ነው። ሦስት ክፍል ኖሮት መስቀያ ላይ የሚንጠለጠለው ደግሞ “ራክ” ይባላል። ፓኬቶች ተደርድረው፣ ብዙውን ጊዜ 24 ወይም 36 ሆነው፣ አንድ ቦክስ ይሆናሉ። ቦክሶች ተሰብስበው በፋብሪካ ሲታሸጉ ኬዝ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ዋጋው። ያልተከፈተ ፓኬት እንዳልተፋቀ ፈጣን ሎተሪ ነው፤ የሚገዛው ዕድሉ ነው። ዕድሉ ግን ሊሰላ ይችላል፣ ገበያውም በደንብ ያሰላዋል። የ1980 ቶፕስን እንውሰድ። በዚህ ስብስብ ውስጥ ሁሉም የሚፈልገው ካርድ የሪኪ ሄንደርሰን የመጀመሪያ ዓመት ካርድ፣ ማለትም “ሩኪ” ካርዱ ነው። ሄንደርሰን በቤዝቦል ታሪክ ብዙ ቤዝ የሰረቀ፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ሮጦ የሚቀጥለውን ማረፊያ የያዘ ተጫዋች ነው። ስብስቡ 726 ካርዶች አሉት። አንድ የዋክስ ቦክስ 36 ፓኬት፣ እያንዳንዱ ፓኬት 15 ካርድ ይይዛል። በድምሩ 540 ካርድ ማለት ነው። 540 ለ726 ሲካፈል 0.74 ይሆናል። በአማካይ ሲታይ ሙሉ ቦክስ ከፍታችሁ አንድም ሄንደርሰን ላይደርሳችሁ ይችላል።

ደረሳችሁ እንበል። ገና አልጨረሳችሁም። ካርዱ ፒኤስኤን ወደመሰለ ደረጃ ሰጪ ድርጅት ይላካል። ባለሙያዎቹ ጠርዙን፣ ማዕዘኑን፣ ገጹን፣ ምስሉ መሃል ላይ መዋሉን እያዩ ከ1 እስከ 10 ይሰጡታል። የዚያ ዘመን ማተሚያና መቁረጫ ጥንቃቄ አልነበረውም። ምስሉ ወደ ግራ ወይም ወደ ላይ ያጋደለ ካርድ ሞልቷል። ከማስቲካው ጋር ተጣብቆ የኖረው ካርድ ቡናማ እድፍ ይዞ ይወጣል፣ ወረቀቱን የነካው ደግሞ ሰም ይቀባበታል። ስለዚህ ከፓኬት በቀጥታ የወጣ ካርድ እንኳ 10 ማግኘቱ ብርቅ ነው። ባለ 10 ሄንደርሰን በ2021 ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተሽጧል። ባለ 8ቱ ግን ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በጣም ርካሽ ነው። የቦክሱ ዋጋ የሚቆመው በዚህች ቀጭን ተስፋ ላይ ነው።

የሌላውን ካርድ አታሚ ኩባንያ፣ የፍሊርን የ1986 ስብስብ ደግሞ እዩት። ይህ የቅርጫት ኳስ ነው፣ ግን ስሌቱን ከሁሉም በላይ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ስብስቡ 132 ካርድ ብቻ ነው፣ የማይክል ጆርዳን ሩኪም አለበት። 36 ፓኬት በ12 ካርድ ሲባዛ 432 ነው። ከአንድ ቦክስ በአማካይ ከሦስት በላይ ጆርዳን ይወጣል። ስለዚህ የቦክሱ ዋጋ ከጆርዳን ካርድ ዋጋ ጋር እንደታሰረ ነው የሚሄደው። በጥር 2021 ባለ 10 የጆርዳን ሩኪ በ738 ሺህ ዶላር ተሸጠ። በዚያው ምሽት ሁለተኛው በዚያው ዋጋ ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ያው ካርድ ከ300 ሺህ በታች ወረደ። ካርዱ ሲወድቅ በዚያ ተስፋ ቦክስ የገዛውም አብሮ ወደቀ።

ስሌቱ ግን ዋጋውን ሁሉ አይገልጸውም። አንድ ፓኬት በተከፈተ ቁጥር ዓለም ላይ ያለው ያልተከፈተ ፓኬት በአንድ ይቀንሳል። የ1968 ፓኬት ዳግመኛ አይመረትም። ሙሉ ቦክስ ገዝቶ በቀጥታ ስርጭት እየከፈተ፣ ከሚወጡት ካርዶች ድርሻ ለተመልካቾች አስቀድሞ የሚሸጥ ንግድም አለ። “ብሬክ” ይሉታል። እያንዳንዱ ብሬክ የቀረውን ያሳንሳል፣ የቀረው ደግሞ ይወደዳል። አንድ ቀን የፓኬቱ ዋጋ በውስጡ ሊኖር ከሚችለው ካርድ አማካይ ዋጋ ያልፋል። ከዚያ በኋላ መክፈት ኪሳራ ነው። በእኔ እይታ ይህ ነው ትልቁ መታጠፊያ። ፓኬቱ የሎተሪ ጠባዩን ትቶ በራሱ የሚሰበሰብ ቅርስ የሚሆነው ያኔ ነው።

ከ1974 በፊት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቶፕስ ያን ጊዜ ካርዶቹን በአንዴ አያወጣም ነበር። ወቅቱን እየተከተለ በተራ በተራ፣ በምድብ በምድብ ነበር የሚለቀው። የመጨረሻዎቹ ምድቦች ሱቅ ሲደርሱ የቤዝቦል ወቅት እያለቀ ስለሆነ ልጆቹ ልባቸው ወደ አሜሪካ ፉትቦል ሄዷል። ስለዚህ ጥቂት ይታተማል፣ ጥቂት ይሸጣል። የ1952ቱ የመጨረሻ ምድብ ከቁጥር 311 ይጀምራል። 311 ደግሞ የቤዝቦል ኮከቡ ሚኪ ማንትል ነው። ሳይሸጥ የቀረውን ክምችት የቶፕሱ ሳይ በርገር በ1960 በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ እንዳስደፋው ራሱ ተርኮታል። በ2022 አንድ የ1952 ማንትል በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ እስከ 2025 የስፖርት ካርድ የዋጋ ክብረ ወሰን ይዞ ቆይቷል። ያን ካርድ ባለቤቱ በ1991 የገዛው በ50 ሺህ ዶላር ነበር። ስለዚህ የድሮ ፓኬት ስትገዙ “የስንት ዓመተ ምህረት ነው?” ብቻ አይበቃም፤ “የየትኛው ምድብ ነው?” መባል አለበት። የመጀመሪያው ምድብ ፓኬት ውስጥ የመጨረሻው ምድብ ኮከብ አይገኝም።

አሁን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጉዳይ ላይ ደረስን፤ እምነት። በሰም የተጣበቀ ወረቀት ሙቀት ሲነካው ይለቃል። ጥሩውን ካርድ አውጥቶ፣ ተራውን ተክቶ፣ መልሶ ማጣበቅ ለለመደው ሰው ከባድ አይደለም። ሴሎና ራክ ደግሞ የላይኛውን ካርድ ያሳያሉ። ካርዶቹ በፋብሪካ ማሽን የሚገቡት በተወሰነ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ የሚታየውን አይቶ ከሥሩ ያለውን የሚገምት ሰው አለ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ከቦክሱ ውስጥ ጥሩዎቹን ለቅሞ የተራቆተውን ይሸጣል። ለዚህ ነው አንድ ብቻውን የሚሸጥ ፓኬት ከቦክስ ያነሰ እምነት የሚጣልበት፣ ቦክስም ከኬዝ ያነሰ።

ስለዚህ አረጋጋጭ ያስፈልጋል። ለቦክስ በብዛት የሚጠራው ስም ኢንዲያና ግዛት ያለው ቤዝቦል ካርድ ኤክስቼንጅ፣ በአጭሩ ቢቢሲኢ ነው። ቦክሱን መርምሮ በራሱ ግልጽ ፕላስቲክ ይጠቀልለዋል። ገና ካልተከፈተ ኬዝ የወጣ መሆኑን ካየ ይህንኑ ይጽፍበታል፤ ያች ጽሑፍ ብቻዋን ዋጋ ትጨምራለች። ፒኤስኤም ነጠላ ፓኬቶችን በጠንካራ ፕላስቲክ አሽጎ ደረጃ ይሰጣል። ዛሬ የአረጋጋጭ ማህተም የሌለው ውድ ፓኬት ገዢ ማግኘት ይቸግረዋል።

አረጋጋጭም ቢሆን ሰው ነው። በ2022 መጀመሪያ የዩቲዩብ ታዋቂው ሎጋን ፖል በ3.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የፖኬሞን ኬዝ ሲከፈት በውስጡ የጂ አይ ጆ፣ ማለትም የአሻንጉሊት ወታደሮች ካርዶች ተገኙ። ኬዙን ትክክለኛ ነው ብሎ አረጋግጦ የነበረው ቢቢሲኢ ራሱ ነው። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ድንጋጤው ግን ገበያውን በሙሉ አዳረሰ። ያልተከፈተ ዕቃ የሚገዛ ሰው የሚገዛው የሌላ ሰው ቃል ነው። ቃሉ ሲነካ ዋጋው ይነካል።

የዋጋውን ጉዞ ከላይ ሆነን ስናየው ሦስት ጊዜያት ጎልተው ይወጣሉ። የመጀመሪያው የ1980ዎቹ ሞቅታ ነው። በ1981 ፍሊርና ዶንረስ የተባሉት ኩባንያዎች ወደ ቤዝቦል ካርድ ገቡና የቶፕስ ብቸኝነት አበቃ። በ1989 አፐር ዴክ የተባለው ኩባንያ መጣ፣ የወጣቱን የቤዝቦል ተጫዋች የኬን ግሪፊ ጁኒየርን ሩኪ ቁጥር 1 አድርጎ፣ ለመነካካት በሚያስቸግር ፎይል አሽጎ። ሁሉም ለትርፍ ገዛ፣ ሁሉም አስቀመጠ፣ ኩባንያዎቹም ያለ ልክ አተሙ። ከ1987 እስከ 1993 አካባቢ ያለው ይህ ዘመን “ጀንክ ዋክስ”፣ ማለትም የማይረባ ዋክስ፣ ይባላል። በነሐሴ 1994 የተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ውድድሩን ሲያቋርጥ ገበያውም ተንኮታኮተ። ስለ ማስቀመጥ ያልኩትን እዚህ ጋ አስታውሱት። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር ብርቅ አይሆንም።

ሁለተኛው ኮቪድ ነው። ሰው ቤት ተቀመጠ፣ ጊዜም የእርዳታ ገንዘብም አገኘ፣ የልጅነት ሳጥኑን ከፈተ። ፒኤስኤ የሚላክለት ካርድ ከአቅሙ በላይ ሆኖ በመጋቢት 2021 መጨረሻ አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው አቆመ። በግንቦት ታርጌት የተባለው የሱቅ ሰንሰለት ለደኅንነት ሲባል ካርድ በሱቅ ውስጥ መሸጥ አቆመ፤ ከአንዱ ሱቁ ውጭ በካርድ ሰበብ ጠብ ተነስቶ ነበር። ያልተከፈቱ ቦክሶች በወራት ውስጥ እጥፍና ከእጥፍ በላይ ወጡ።

ሦስተኛው ከ2022 ወዲህ ያለው መለያየት ነው። ወለድ ሲጨምር፣ ሰው ሥራው ሲመለስ ዋጋው ወረደ። ግን ሁሉም እኩል አልወረደም። ብዙ የታተመውና ተስፋው ሁሉ በአንድ ካርድ ላይ የተንጠለጠለው ክፉኛ ተመታ። በእውነት ጥቂት የሆነው የተሻለ ቆመ። በየካቲት 2024 በካናዳ ሳስካችዋን በአንድ ቤት የተገኘ፣ ኦ ፒ ቺ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ያወጣው የ1979 የሆኪ ካርድ ኬዝ በ3.72 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ውስጡ 16 ቦክስ፣ ከ10 ሺህ በላይ ካርድ አለ። በስሌት 27 ገደማ የሆኪ ኮከቡ የዌይን ግሬትስኪ ሩኪ ሊኖርበት ይችላል። ከሦስት ዓመት በፊት በሞቅታው ጫፍ ላይ አንድ ባለ 10 ግሬትስኪ ብቻውን 3.75 ሚሊዮን አውጥቶ ነበር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ገዢው 27 ዕድል በአንድ ካርድ ዋጋ አገኘ ማለት ይቻላል። ነገር ግን በዓለም ላይ ባለ 10 የሚባሉት እጅግ ጥቂት ስለሆኑ፣ ከ27ቱ አንዱ እንኳ 10 እንደሚሆን ማንም ዋስትና አይሰጥም።

ዋጋ ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሻጭ የለጠፈውን ዋጋ ሳይሆን በትክክል የተሸጠበትን ተመልከቱ። በትልልቅ ጨረታ ቤቶች የሚታወጀው ቁጥር ደግሞ ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚጨምረውን ክፍያ ያካትታል። 20 በመቶ አካባቢ ሊሆን ይችላል። የሻጩ እጅ የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ፣ በተለይ ቤት ስትገዙ ወይም ጋራዥ ሴል ስትዞሩ እንዲህ ያለ ሳጥን ቢገጥማችሁ መጀመሪያ አትክፈቱት። ዓመቱን እዩ፤ ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ወይም ሳጥኑ ላይ ይገኛል። ከ1980 በፊት ከሆነ ከሙቀትና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡና ለአረጋጋጭ አሳዩት። ከ1987 እስከ 1993 ከሆነ ግን፣ እንደ ግሪፊው አፐር ዴክ ያሉ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ የብዙዎቹ ቦክስ ዋጋ ከአንድ ራት አይበልጥም። ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ ክፈቱት፤ እንዲከፈት ነበርና የተሠራው።