ጃዝ ዋልዝ፦ በሦስት ነው በስድስት የሚቆጠረው?

«ፉትፕሪንትስ» በተባለው የጃዝ ዜማ ላይ ቆጠራው የጠፋባችሁ ብዙ ናችሁ። ዋልዝ የሚያሰኘው ምቱ በሦስት በሦስት መሄዱ ነው፤ ፍጥነቱ ወይም ትካዜው አይደለም። ቴነር ሳክስፎኒስቱ ዌይን ሾርተር እ.ኤ.አ. በ1966 ለ«አዳምስ አፕል» አልበም የቀረጸውን ክፈቱና ሳክስፎኑን ለጊዜው ተዉት። የሬጂ ወርክማንን ቤዝ ያዙ። ያቺው ሐረግ ስትመላለስ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» በሉ፤ ሁለቴ ስትሉ ስድስት ሞላ። ስለዚህ አንዱ ኖታ በሦስት፣ ሌላው በስድስት ቢጽፈው ግራ አትጋቡ፤ ያ እንደ ጻፊው ነው። ጨፍገግ ያለው ስሜት የሚመጣው ከማይነር ብሉዙ (በማይነር ቅኝት ከተሠራው ብሉዝ) እንጂ ከቆጠራው አይደለም። የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ ቅጂ ግን ሌላ ጣጣ ነው፦ የቶኒ ዊልያምስ ድራም በአራት ወደሚቆጠር ምት እየሾለከ ያሳስታል፤ ለጀማሪ አልመክረውም።