ዳክስ ምንድን ነው? ኦ-ዳይሬክት አይደለም

ዳክስ (DAX) በሊኑክስ ፕሮግራሞች ፐርሲስተንት ሜሞሪ (መብራት ቢጠፋም ይዘቱን የማያጣ ሜሞሪ) ላይ ያለን ፋይል በቀጥታ እንዲደርሱበት የሚያደርግ አሠራር ነው፤ ኦ-ዳይሬክት (O_DIRECT) ደግሞ ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት የሚሰጠው አማራጭ ነው። «ዳክስን ማብራት ለሁሉም ፋይል ኦ-ዳይሬክትን እንደ ማብራት ነው» የሚለው ማብራሪያ እየተደጋገመ ነው። ስህተት ነው። ይህን ይዞ የወደቀ የፋይል ሲስተም ቴስት የሚመረምር ሰው በሌለ ችግር ሲደክም ይውላል።

ሁለቱም ፔጅ ካሽን (ከርነሉ የፋይል ይዘት ቅጂ በራም የሚያስቀምጥበትን ቦታ) ዘለው ያልፋሉ፤ የሚያምታታውም ይኸው ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ አንድ ብራና ይታሰብ። በተለመደው አሠራር የብራናው ቅጂ አዳራሽ ይቀመጣል፣ አንባቢዎች ቅጂው ላይ ያርማሉ፣ እርማቱ በኋላ ወደ ብራናው ይዛወራል። ኦ-ዳይሬክት የአዳራሹን ቅጂ ትቶ ለአንባቢው የግሉን ይሰጠዋል፤ ያም ቢሆን ቅጂ ነው። ዳክስ ግን እጁን ብራናው ላይ ያሳርፈዋል፦ ፋይሉን ኤምማፕ ያደረገ (ከራሱ የሜሞሪ አድራሻ ጋር ያያያዘ) ፕሮግራም በቀጥታ ፐርሲስተንት ሜሞሪው ላይ ይጽፋል። ቀለሙ ግን ወዲያው አይደርቅም። የተጻፈው ፕሮሰሰሩ ካሽ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ኤፍሲንክ (የተጻፈውን በቋሚነት አስቀምጥ የሚለው ጥሪ) አሁንም ግድ ነው። አንድ ቅጠል ከመነቀሉ በፊትም (ፋይሉ ከጫፉ ሲቆረጥ፣ ማለትም ትራንኬት ሲደረግ፣ ወይም ከመሃሉ ክፍል ሲወጣለት፣ ማለትም ሆል ፓንች ሲደረግ) እጁን ያሳረፈበት ሰው መነሣት አለበት። እውነተኛ የዳክስ ስህተት ሲጠረጠር መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ ሽሚያ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ዳክስ በርቷል ወይ? ብዙዎች ይህን ሳያረጋግጡ ይፈርዳሉ። ዲቫይሱ ዳክስን ካልደገፈ ኢኤክስቲ4 የተባለው ፋይል ሲስተም በ«ዳክስ=ኦልዌይስ» (ዳክስ ሁልጊዜ ይብራ በሚለው አማራጭ) ማውንት አልሆንም ይላል። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም ግን ከርነል ሎጉ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ዳክስን ያጠፋና ማውንት ይሆናል፤ ቴስቶቹም ያለ ዳክስ ያልፋሉ። የሜሞሪ ፔጁ 4096 ባይት በሆነበት ማሽን ላይ የ1024 ባይት የፋይል ሲስተም ብሎክ መጠቀምም ዳክስን ይከለክላል። በኤክስኤፍኤስቴስትስ (የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች በሚፈተኑበት የቴስት ስብስብ) ደግሞ «ማውንት_ኦፕሽንስ» የሚያገለግለው ለስክራች ዲቫይሱ (ቴስቶቹ እየፎረሙ ለሚጠቀሙበት) ነው፤ ለቴስት ዲቫይሱ «ቴስት_ኤፍኤስ_ማውንት_ኦፕትስ» ለብቻው መሞላት አለበት። እሱ ከተረሳ ግማሹ ሥራ ዳክስን ሳይነካ ያልቃል።

በ«ዳክስ=አይኖድ» (ዳክስ በየፋይሉ ምልክት በሚወሰንበት አማራጭ) ማውንት ከሆነ ፋይሉ ላይ የዳክስ ምልክቱን ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ለውጡ የሚጸናው አይኖዱ (ከርነሉ ስለ ፋይሉ የያዘው መዝገብ) ከሜሞሪ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚታመነው የተደረገው ምልክት ሳይሆን ስታትኤክስ (ስለ ፋይሉ መረጃ የሚሰጥ የሲስተም ጥሪ) የሚመልሰው የዳክስ ባሕርይ ነው።

ዳክስ መብራቱ ከተረጋገጠ ያንኑ የወደቀ ቴስት በዚያው ዲቫይስ ላይ በ«ዳክስ=ኔቨር» መድገም ያስፈልጋል። ዳክስ ጠፍቶም ሁልጊዜ የሚወድቅ ከሆነ ጥፋቱን ዳክስ ላይ መለጠፍ ይቅር።

«አልሄደም» የሚለውን ውጤት «አልፏል» ብሎ የሚቆጥር ሪፖርትም አለ። ዲኤም-ፍሌኪ (ሆን ብሎ ብልሽት የሚያስመስል የሊኑክስ ምናባዊ ዲቫይስ) ዳክስን አይደግፍም፤ በእሱ የመብራት መቋረጥን የሚያስመስሉት ቴስቶች በዳክስ ማውንት ይዘለላሉ። ዲኤም-ሎግ-ራይትስ (የተጻፈውን በቅደም ተከተል የሚመዘግበው) ይደግፋል፤ የክራሽ ማስረጃ ከፈለጉ ከዚያ ይፈልጉ። ከርነሉ ሲነሣ «ሜምማፕ=4ጂ!12ጂ» ብለው ከ12 ጊጋባይት አድራሻ ጀምሮ እንደ ፐርሲስተንት ሜሞሪ የከለሉት 4 ጊጋባይት ደግሞ ተራ ራም ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ ይዘቱ አብሮ ይጠፋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በፐርሲስተንት ሜሞሪ ላይ መብራት ሲቋረጥ የ512 ባይት ሴክተር ሙሉ በሙሉ ወይ ይጻፋል ወይ አይጻፍም የሚል ዋስትና የለም፤ በኤክስ86 ያለው የ8 ባይት ብቻ ነው። ኔምስፔሱን (የተከፈለውን የፐርሲስተንት ሜሞሪ ክልል) በሴክተር ሞድ መፍጠር ያንን ዋስትና ይመልሳል፤ በዚያ ሞድ ግን ዳክስ አይሠራም።