የፎረንሲክ ዲኤንኤ ምርመራና ዋና ዋና ቃላቱ

የፎረንሲክ ዲኤንኤ ምርመራ ከወንጀል ወይም ከአደጋ ስፍራ የተገኘ ደም፣ ምራቅ፣ ፀጉር ወይም አጥንት የማን እንደሆነ የሚለይ ሙያ ነው። በዜና «ዲኤንኤው ገጠመ» ሲባል ብዙ ሰው ጉዳዩ ያለቀለት ይመስለዋል። ላቦራቶሪው የሚለው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ይህን ለማየት ቃላቱን ማወቅ ይበቃል።

ከስፍራው የሚነሳው የማስረጃ ናሙና ነው። ባለቤቱ ከታወቀ ሰው የሚወሰደው ደግሞ ማመሳከሪያ ናሙና ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የጉንጭ ውስጥ በጥጥ ይጠረጋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው አውሮፕላናችን ያለቁትን 157 ወገኖች ለመለየት ከቤተሰብ የተወሰደው ናሙና እንዲህ ያለው ነበር። ኢንተርፖል ባገዘው በዚያ ሥራ የሁሉም ማንነት ታውቋል።

የሰው ልጅ በዲኤንኤው 99.9 በመቶ ያህል ይመሳሰላል። ላቦራቶሪ የሚያነበው የምንለያይባቸውን ጥቂት ቦታዎች ነው። አንዱ ቦታ ሎከስ ይባላል። እዚያ አጭር የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ደጋግሞ ይመጣል፤ ይህ ድግግሞሽ ኤስቲአር ነው። ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ የሚለየው ዓይነት አሊል ይባላል። አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት ስለምንወርስ «12፣ 15» ተብሎ በጥንድ ይጻፋል። የቁጥሮቹ ዝርዝር ፕሮፋይል ነው። የአሜሪካው ቋት ኮዲስ በ13 ሎከስ ጀምሮ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ 20 ይጠቀማል። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ፒሲአር ደግሞ ኢምንት ዲኤንኤን የሚያባዛው ዘዴ ነው።

«የዲኤንኤ አሻራ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። የሌስተር ዩኒቨርሲቲው የዘረመል ተመራማሪ አሌክ ጄፍሪስ መስከረም 10 ቀን 1984 (እ.ኤ.አ.) ጠዋት የዲኤንኤ ምርመራው ውጤት የታየበትን የኤክስሬይ ፊልም ሲያይ የእያንዳንዱ ሰው የዲኤንኤ መስመር የተለያየ ሆኖ አገኘው። ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ እርዳታውን ጠየቀ። በ1983 እና በ1986 በሌስተር አቅራቢያ ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገድለው ነበር። አንድ የ17 ዓመት ወጣት ሁለተኛውን ግድያ አምኗል። ጄፍሪስ ሲመረምር ግን ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ወጣቱ አይደለም። እስከዛሬ ልቤን የሚነካው ይህ ነው፦ ሙያው መጀመሪያ ያደረገው ንጹሕ ሰው ነፃ ማውጣት ነው። ከዚያ ፖሊስ ከአካባቢው 5,000 ያህል ወንዶች ናሙና ሰበሰበ። ገዳዩ፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ የሥራ ባልደረባውን በስሙ ደም አሰጠ። ባልደረባው ነገሩን መጠጥ ቤት ሲያወራ ተሰማ። ዳቦ ጋጋሪው በ1988 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

«ገጠመ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ከቁጥር ጋር መምጣት አለበት። ቁጥሩ የአጋጣሚ መግጠም ዕድል ይባላል፤ ጉዳዩ የማይመለከተው ሌላ ሰው እንዲያው በአጋጣሚ የመግጠሙ ዕድል ማለት ነው። ናሙናው ተበላሽቶ ከፊል ፕሮፋይል ብቻ ቢገኝና ዕድሉ ከ1 ሚሊዮን አንድ ቢሆን፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት ኢትዮጵያ መቶ ያህል ሰው ሊገጥም ይችላል። «ከሚሊዮን አንድ ነው፣ ስለዚህ እሱ ነው» ማለት ስህተት ነው። ተመሳሳይ መንትዮችንም ይህ ዘዴ አይለያቸውም። የብዙ ሰው ዲኤንኤ አንድ ላይ ሲገኝ ድብልቅ ይባላል፤ ትርጓሜው ላይ ባለሙያዎች እርስ በርስ ይለያያሉ።

ማይቶኮንድሪያል ዲኤንኤ፣ ማለትም ለሕዋስ ኃይል በሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ፣ በእናት በኩል ብቻ ይወረሳል፤ ሥር ለሌለው ፀጉርና ለአሮጌ አጥንት ይጠቅማል።

ብክለት ማለት የሌላ ሰው ዲኤንኤ ናሙናው ላይ መግባት ነው። የጀርመን ፖሊስ 40 ያህል የወንጀል ስፍራዎች ላይ ዱካዋ የተገኘ አንዲት «ምስጢራዊ ሴት» ለዓመታት ሲያሳድድ ኖሮ፣ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሴትየዋ የናሙና መውሰጃውን ጥጥ ስታዘጋጅ የነበረች ሠራተኛ መሆኗ ታወቀ። ጥጡ ከጀርም የጸዳ ነበር፤ ከዲኤንኤ ግን አልጸዳም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) አይኤስኦ 18385 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ወጣ፤ ለዚህ ሥራ የሚመረቱ ዕቃዎች በሰው ዲኤንኤ እንዳይበከሉ የሚደነግግ ነው።