አፍ እንደገና መፍታት፦ ለወጣት የወንጌል መልእክተኞች

ዮሐንስ ማርቆስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለወንጌል ወጥቶ ሳለ በጴርጌን ተለይቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። ለምን? ሉቃስ ምክንያቱን አልጻፈልንም። በቆጵሮስ ጠንቋዩ ኤልማስ ተቃውሟቸው ነበር እንጂ ገና ድንጋይ አልተወረወረባቸውም፤ ጳውሎስ በልስጥራን የተወገረው ማርቆስ ከሄደ በኋላ ነው። የማርቆስን ልብ መገመቱን እንተወው። ባሕር ማዶ ያገለገሉ የሚያውቁት ነገር ግን አለ፦ ወጣት መልእክተኛን ከመንገድ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ አንበሳ አይደለም። የተጓደለ እንቅልፍ ነው፣ መናገር ያለመቻል እፍረት ነው፣ አብሮት ከሚኖረው ወንድም ጋር በድስት እጥበት የተጀመረ ቂም ነው። አንዳንዱ ሻንጣውን ሸክፎ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ አካሉ እዚያው ተቀምጦ ልቡ ብቻ አገሩ ይገባል፤ ይህኛው ይብሳል፣ ማንም አያየውምና።

ጌታ ሰባውን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ ኮረጆም ከረጢትም እንዳይዙ፣ በገቡበት ቤት የቀረበላቸውን እንዲበሉ፣ ከቤት ወደ ቤትም እንዳይዘዋወሩ አዘዛቸው (ሉቃ. 10፥1-8)። ይህን ክፍል ስለ እምነት ኑሮ ስንሰብክበት እንኖራለን፤ አንድ ነገር ግን እናልፋለን። የተላኩት ሰዎች ሰጪ ከመሆናቸው በፊት ተቀባይ ሆነዋል። የሰላምን ቃል ይዘው ገቡ፣ ግን በሰው ማዕድ፣ በሰው ጣሪያ ሥር ነበሩ። የመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት ይኸው ነው፤ መስተናገድ፣ መማር፣ መታረም። ይህን ያልተቀበለ ወጣት በሦስተኛው ወር «ምን ሠራሁ?» እያለ ራሱን ይከሳል። እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊልያም ኬሪ ሕንድ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1793 ነው፤ የአገልግሎቱን የመጀመሪያ ሕንዳዊ አማኝ፣ አናጺውን ክሪሽና ፓልን ያጠመቀው በታኅሣሥ 1800 ነው። አሜሪካዊው ሚስዮናዊ አዶኒራም ጃድሰን በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) በ1813 ገብቶ የመጀመሪያውን ምእመን ያጠመቀው በ1819 ነው። እነዚህን ዓመታት «ባዶ» ብሎ የሚጠራቸው የለም፤ ሁለቱም በዚያው ጊዜ ቋንቋውን እያጠኑ ቃሉን መተርጎም ጀምረው ነበር።

ቋንቋው

አዋቂ ሰው አፉን ሁለተኛ ጊዜ መፍታት ያሳፍረዋል። አገሩ ላይ ሲሰብክ የኖረ ወጣት ድንገት እንደ ሦስት ዓመት ልጅ ይናገራል፤ ልጆች ይስቁበታል። ይህን እፍረት ለመሸሽ ሁለት መሸሸጊያ አለ፦ አስተርጓሚ እና የራሱ አገር ልጆች። ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ሁለቱም ከበዙ ግን ቋንቋውን ይገድላሉ።

የሚሠራው መንገድ ቀላል ነው፤ ይሰለቻል እንጂ አይከብድም። አንድ ደብተር ያዙ። በቀን አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ነጠላ ቃል አትሸምድዱ፤ ሃምሳ ቃል የሸመደደ ሰው አንድ ሰላምታ ሳይጨርስ ይጠፋበታል። ነገ የምትሉትን ዛሬ ጠይቁ፦ ነገ አዛውንት ልትጠይቁ ከሆነ «እንዴት አደሩ? ሕመሙ ዛሬ ቀለል አለዎት?» የሚለውን ከአገሩ ሰው ተቀበሉ። ያ ሰው አንድ ጊዜ በቀስታ፣ አንድ ጊዜ በተለመደው ፍጥነት ሲናገር በስልካችሁ ቅዱ። አሥር ጊዜ ያህል ዝም ብላችሁ ስሙት፣ ቀጥሎ ከድምፁ ጋር አብራችሁ በሉት፣ ከዚያ ውጡና ቢያንስ ለአሥር ሰው ተናገሩት። አሥረኛው ሰው ጋ ስትደርሱ ምላሳችሁ ይለቀቃል። የመጀመሪያው ቀን ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ይኸው ይሁን፦ «ቋንቋችሁን እየተማርኩ ነው፤ ለዛሬ የማውቀው ይህንን ብቻ ነው፤ ነገ እመለሳለሁ።» ነገ ተመለሱ። ወደ እነዚያው ሰዎች ተመለሱ። ሁለት ሰዓት ትምህርት ካላችሁ ሌላ ሁለት ሰዓት ከሰው ጋር ዋሉ፤ ካልሆነ ደብተሩ ይሞላል እንጂ አፍ አይፈታም።

እርማትን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰው ሲያርማችሁ ፊታችሁ ከተኮሳተረ ሁለተኛ አያርማችሁም። በትሕትና ዝም ይላል፣ እናንተም ስሕተቱን ይዛችሁ ትከርማላችሁ። ሲያርሟችሁ አመስግኑ፣ በቦታው ድገሙት፣ በደብተሩ ጻፉት። ትሕትና በጸሎት ላይ ብቻ የሚገኝ ፍሬ አይደለም፤ በተሳሳተ ግሥ ላይም ይበቅላል።

ለመንፈሳዊ ቃላት ደግሞ ተጠንቀቁ። ኃጢአት፣ ጸጋ፣ መንፈስ፣ ይቅርታ የሚሉትን ከመዝገበ ቃላት አታንሡ። አንዱ ቃል ወንጀል ብቻ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ሌላው የሙታን መንፈስ። የአገሩን አማኞች «እናንተ ስትጸልዩ ምን ትላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለንባብ ከማርቆስ ወንጌል ጀምሩ፤ 16 ምዕራፍ ነው፣ ድርጊት ይበዛበታል፣ ታሪኩን ቀድማችሁ ስለምታውቁት የማታውቁትን ቃል መገመት ትችላላችሁ። ሮሜን ለኋላ አቆዩት። ሲለምድላችሁ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ምዕራፍ አንብቡ፤ አዲስ ኪዳን 260 ምዕራፍ ስለሆነ በ52 ሳምንት ይጠናቀቃል፣ ሁለት የጉድለት ቀን በየሳምንቱ ተርፎላችሁ።

የራሳችሁ ማዕድ

ይህ የቋንቋ ንባብ ግን ጥሞናችሁን አይተካም። የጥሞና ጊዜያችሁን አፍ በፈታችሁበት ቋንቋ አድርጉ፤ ልብ ሲሰበር የሚያለቅሰው በዚያ ነው። ብዙ ትጉሃን እዚህ ላይ ይስታሉ፦ ቃሉን የሚከፍቱት ለስብከትና ለጥናት ዝግጅት ብቻ ይሆናል። ለእንግዳ ሲያበስል ውሎ ራሱ ሳይበላ የሚያድር ሰው ማለት ነው። ምልክቱን ታውቁታላችሁ፤ ጥቅስ ሲነካችሁ የመጀመሪያው ሐሳብ «ይህ ለእገሌ ይሆናል» የሚል ከሆነ እናንተ አልበላችሁም። ቢያንስ አንድ ክፍል ለማንም የማታስተምሩት ይኑራችሁ። መዝሙረ ዳዊት ለዚህ ይመቻል፤ በቀን አምስት ብታነቡ 150ው በ30 ቀን ያልቃል፣ በየወሩም ልቅሶውንና ምስጋናውን ሁሉ ታልፉበታላችሁ።

ጌታ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ጸለየ (ማር. 1፥35)። ግን ያን ጥቅስ ይዛችሁ ሌሊቱን በስልክ ከአገር ቤት ጋር ስታወሩ አንግታችሁ፣ ጠዋት መነሣት ሲያቅታችሁ ራሳችሁን አትክሰሱ፤ ስልኩን ክሰሱ። የሰዓት ልዩነት ያለበት አገር ላይ ይህ ፈተና በየምሽቱ ይመጣል። ለቤተሰብ የታወቀ ቀንና ሰዓት ስጡ፣ ሌላውን ምሽት ስልኩን ከመኝታ ክፍል አውጡት። ቤተሰብም በመጀመሪያ ይከፋዋል፣ በኋላ ይለምደዋል።

አብሮ መኖር

ሁለት ሁለት መላክ ጸጋ ነው፤ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ማኖር ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ሁሉም ሰው ጨዋ ሳለ፣ ተቀምጣችሁ በወረቀት ጻፉ፦ ማን መቼ ያበስላል፣ ዕቃ ያበሰለው ያጥባል ወይስ የበላው፣ መብራት በስንት ሰዓት ይጠፋል፣ እንግዳ እስከ መቼ ይቆያል፣ ለጋራ ወጪ ማን ስንት ያዋጣል፣ ማን ይመዘግባል። «ወንድማማቾች ነን፣ ምን ያስፈልጋል?» ያሉ ሁሉ በኋላ ያስፈልጋቸዋል። የድስቱን ጉዳይ ተመልከቱ። ሩዝ የተጣበቀበት ድስት ማጠቢያው ላይ አድሯል። አንደኛው «ነገ ጠዋት አጥበዋለሁ» ብሎ ነው የዘፈዘፈው፤ ሌላው ያየው ግን ንቀትን ነው። ዝም አለ፣ አጠበው፣ በሳምንቱ ደገመው፣ በወሩ በጸሎት ሰዓት «ጌታ ሆይ፣ ሰነፎችን አንቃ» ብሎ ጸለየ። በጸሎት መዋጋት የሚሉት መጥፎ ልማድ ነው፤ እግዚአብሔርን በሌላ ሰው ላይ ምስክር አድርጎ መጥራት።

መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ቀን፣ አንድ ሰዓት መቀመጥ ነው። አጭር ጸሎት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ስለ ሌላው ያመሰገነበትን አንድ ነገር ይናገር፤ ቀጥሎ ያስቸገረውን አንድ ነገር ብቻ። «አንተ ሁልጊዜ…» ብሎ መጀመር ክልክል ይሁን። «ማክሰኞ ማታ ድስቱ አደረ፣ እኔን ደግሞ እንዲህ ተሰማኝ» ይባል። የሚቀጥለውን ሳምንት ፕሮግራም አያይዛችሁ ጨርሱ። በሰው ፊት አትተራረሙ፤ አቂላና ጵርስቅላ አጵሎስን ወደ እነርሱ ወስደው ነው የጌታን መንገድ በትክክል የገለጡለት (ሐዋ. 18፥26)። ሁለት ጊዜ ተነጋግራችሁ ካልተፈታ ሦስተኛ ሰው ጥሩ፤ ይህን ከላኪዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር አስቀድማችሁ ስም ጠቅሳችሁ ወስኑ፣ ጠብ ከተነሣ በኋላ ሽማግሌ መምረጥ ራሱ ጠብ ነውና።

ናፍቆት ሲመጣ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ነገር ያምራል። ከዚያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ያው ነገር ሁሉ ያስጠላል። ምልክቱ አንደበት ላይ ይታያል፤ ወሬያችሁ «እነዚህ ሰዎች እኮ…» ብሎ መጀመር ካበዛ ሆድ ብሷችኋል። እንቅልፍ ይበዛል ወይም ይጠፋል፣ ከቤት መውጣት ይከብዳል፣ ጥፋቱ ሁሉ የአገሩ ይመስላል። ይህ እምነት ማጣት አይደለም፤ ያልለመደ ሰው ድካም ነው።

ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ አልገሠጸውም (1ነገ. 19)። ተኛ፤ መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞ ተኛ፤ ደግሞ በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ከ40 ቀን መንገድ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አክብሩ። ሆድ በባሳችሁ ሳምንት ስለ ጥሪያችሁ አትወስኑ። ጥቂት ሌሊት በወጉ ተኙ፣ ትኩስ ምግብ ብሉ፣ በእግር ተንቀሳቀሱ፣ ለአንድ የበሰለ ሰው በግልጽ ንገሩ። እሑድ ለእናንተ የሥራ ቀን ስለሆነ ሌላ የዕረፍት ቀን ያዙ፣ የምታስተናግዳችሁ ቤተ ክርስቲያንም ቀኑን ትወቀው። ድካሙ ሳይለቅ ሳምንታት ከቆየ ወደ ሐኪም ሂዱ። የታዘዘላችሁን መድኃኒት «በእምነት» ብላችሁ አታቋርጡ። ጳውሎስ አፍሮዲጡን ታሞ ለሞት በቀረበ ጊዜ እንደ ደካማ አልቆጠረውም፤ ወደ ቤቱ ልኮት «እንደ እርሱ ያሉትን አክብሩ» ብሎ ጻፈለት (ፊል. 2፥25-30)።

ደብዳቤውና ገንዘቡ

የጸሎት ደብዳቤ በወር አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምስጋና፣ አንድ ነገር በዝርዝር፣ ሦስት የጸሎት ርዕስ፣ ያልተሳካውም ጭምር። ከመላካችሁ በፊት በአገሩ ቋንቋ ተተርጉሞ በጎረቤቶቻችሁ ፊት ሲነበብ አስቡት። የሚያሳፍራችሁ ዓረፍተ ነገር ካለ አውጡት። የሰው ድህነት የእናንተ ማስታወቂያ አይሁን፤ ፎቶም ያለ ፈቃድ አትላኩ። ማመን ዋጋ በሚያስከፍልበት አገር ደግሞ ስምና ፎቶ አንድን አዲስ አማኝ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል፤ ስሙን ጌታ ያውቀዋል። እጁን ያነሣውን ሁሉ «አመነ» ብላችሁ አትቁጠሩ።

የእያንዳንዱን ቀን ወጪ በዚያው ቀን ጻፉ። የአገልግሎት ገንዘብ ለብቻችሁ አትቁጠሩ፤ ጳውሎስም ስለ ስጦታው ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎችን አብሮ አስልኳል (2ቆሮ. 8፥20-21)። በርኅራኄ ተነሥታችሁ በግል ጥሬ ገንዘብ መስጠት ከጀመራችሁ ከሰዎቹ ጋር ያላችሁ ወዳጅነት መልኩን ይለውጣል፤ የአጥቢያዋን ሽማግሌዎች ጠይቁ፣ በእነርሱ እጅ ይሰጥ። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ የሚያበቃበት ቀን በግድግዳ ይጻፍ። ፈቃዱ በማይፈቅደው ሥራ አትሠማሩ፤ በቅጹ ላይ ዋሽቶ እውነትን ለመስበክ መግባት አይሆንም።

ስትሄዱም

መመለስ ካለባችሁ፣ ጊዜው ደርሶም ሆነ ሳይደርስ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለላኪዋና ለተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን ተናገሩ። ማርቆስን ጳውሎስ በኋላ «ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና» ብሎ አስጠርቶታል (2ጢሞ. 4፥11)፤ በጊዜው የተነገረ መመለስ በር አይዘጋም። ቃሉን ታስተምሯቸው የነበሩትን እያንዳንዳቸውን በስም ለአንድ የአገሩ አማኝ አስረክቡ፤ ከመሄዳችሁ አንድ ወር በፊት ሦስታችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ጥናቱን እርሱ ይምራ፣ እናንተ ዳር ሆናችሁ ስሙ። ዕዳ ክፈሉ፣ የተዋሳችሁትን መልሱ፣ የሚሰጠውን ስጡ። ድስቱንም አጥባችሁ።